ውዳሴ ለምረቃው መቀስ

ፋብሪካዎቿ ተዘግተው፣ መሀሏ ተራቁቶ፣ የመደብሮቿ መስኮት በጣውላ የተደፈነባት አሮጌ የኢንዱስትሪ ከተማ በምን ትድናለች ብሎ ዛሬም የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ በከንቱ እንዳይደክም በትሕትና እመክረዋለሁ፤ መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል፣ እርሱም መቀስ ነው። ተራ መቀስ ማለቴ አይደለም። በትሪ ላይ ሆኖ የሚቀርበውን፣ ሪባን ለመቁረጥ ብቻ የተፈጠረውን፣ ከንቲባው ከካሜራ ፊት ፈገግ ብለው አንድ ጊዜ ካሳረፉት በኋላ እስከሚቀጥለው ምርጫ ወደ ሣጥኑ የሚመለሰውን መቀስ ማለቴ ነው። ለዚህ ባለውለታ እስካሁን አንድም ቅኔ ሲዘረፍለት አለመስማቴ ስለሚቆጨኝ፣ ዛሬ ድርሻዬን ልወጣ።

የመቀሱን ተአምር ለማየት የአሜሪካዋን ዲትሮይትን መመልከት ይበቃል። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1950 ወደ 1,850,000 የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ይህች የመኪና ከተማ፣ ፋብሪካውም ነዋሪውም ወደ ዳርቻው መሸሽ ሲይዙ፣ የፎርድ መኪና ኩባንያ መሪ ዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ ባስተባበሩት የባለሀብቶች ኅብረት አማካይነት በወንዟ ዳር የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ስብስብ ተተከለላት። ስሙ ሬኔሳንስ ሴንተር ተባለ፤ ዳግም ልደት ማለት ነው። በ1977 ሥራ ሲጀምር ከስሙ ይልቅ የሚደነቀው ንድፉ ነበር፤ ምክንያቱም ከተማዋን ሊያድን የመጣው ሕንፃ በጄፈርሰን ጎዳና በኩል፣ ማለትም ከተማዋ ባለችበት በኩል፣ መሣሪያ የታጨቀበት ትልቅ የኮንክሪት ግንብ ነበረው። ሠራተኛው መኪናውን ከሥር አቁሞ፣ ላይ ወጥቶ ሠርቶ፣ እዚያው ምሳውን በልቶ፣ የአስፋልቱን አቧራ ሳይረግጥ ወደ ዳርቻው ቤቱ ይመለሳል። ከተማን ሳይተዋወቁት ማዳን እንዲህ ያለ ጥበብ ይጠይቃል። ቢሮዎቹን የሞሉት ተከራዮች በአብዛኛው ከዚያው መሀል ከተማ አሮጌ ሕንፃዎች ተነቅለው የመጡ መሆናቸውንና የለቀቋቸው ሕንፃዎች ባዶ መቅረታቸውን የሚያነሡ አሉ፤ ለእነርሱ የምሰጠው መልስ፣ በባዶው ሕንፃ ደጃፍ ላይ ሪባን ስላልነበረ ጉዳዩ ዝግጅቱን አይመለከትም የሚል ነው። የመኪና አምራቹ ጀነራል ሞተርስ ሕንፃውን በ1996 ሲገዛው የከፈለው ከተሠራበት ወጪ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ያንንም ግንብ በኋላ አፈረሰው።

አንድ መቀስ ከደነዘዘ ሌላ ይሳላል። በ1987 ለዚችው ከተማ በምሰሶ ላይ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ተመረቀላት፤ መስመሩ 4.7 ኪሎ ሜትር የሆነ ቀለበት ነው፣ ሐዲዱ አንድ፣ አቅጣጫውም አንድ። ከሩቅ ሰፈር ተሳፋሪ ያመጡለታል ተብለው የታሰቡት መስመሮች ላም አለኝ በሰማይ ሆነው ስለቀሩ፣ ባቡሩ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ፣ መሀል ከተማን ዞሮ፣ እዚያው መሀል ከተማ ያወርዳል። በ2008 አቅጣጫውን ለውጦ በተቃራኒው መዞር ጀመረ፤ ከተማዋ አቅጣጫዋን ቀይራለች የሚል ንግግር ለሚያዘጋጅ ሰው ይህን የመሰለ ማስረጃ ከየት ይገኛል? በ1983 የተዘጋውን ግዙፉን የሃድሰን መደብር ደግሞ በ1998 በፈንጂ አፈረሱት፤ ሕዝቡ ወጥቶ ተመለከተ፤ ፍርስራሹም ሄዶ የባቡሩን ሐዲድ ሰበረው። አንዱ መድኃኒት ሌላውን መድኃኒት ሲመታ እንዲህ በአደባባይ የታየበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ቦታው ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተበጅቶለት፣ ከላዩ ግን እስከ 2017 ድረስ ሕንፃ ሳይቆምበት ቆየ። (ማፍረስ ራሱ ግማሽ ምረቃ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ካሜራ ይቆማል፤ የሚጎድለው ሪባኑ ብቻ ነው።)

በፍሊንት የተደረገው ግን ከዚህ ሁሉ ይረቃል። ይህች ሌላዋ የአሜሪካ የመኪና ከተማ በ1984 አውቶወርልድ የተባለ፣ በጣሪያ ሥር ያለ የመዝናኛ ማዕከል ከፈተች፤ በውስጡም የድሮው የፍሊንት መሀል ከተማ በአምሳያ ተሠርቶ ቆመ። እውነተኛው መሀል ከተማ ከደጅ ባለ ሱቅ አጥቶ ሲያዛጋ፣ ከውስጥ ያለው ሐሰተኛው ግን በመግቢያ ትኬት ይጎበኝ ነበር። እውነተኛውን ለመጠገን ከመድከም አምሳያውን መሥራት ምንኛ ብልህነት ነው፤ አምሳያ ጣሪያው አያፈስም፣ ውዝፍ ግብርም የለበትም። እርግጥ ማዕከሉ ዓመት ሳይሞላው በ1985 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ፤ በ1997ም ፈረሰ። የብረት ከተማዋ የእንግሊዟ ሼፊልድም በ1999 አራት የብረት ከበሮ የሚመስል የዘመናዊ ሙዚቃ ማዕከል መርቃ በ2000 ዘጋችው፤ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ተገለገለበት፣ ቢያንስ ወጣት ገባበት።

እዚህ ላይ ቢልባዎን የሚያነሣ አይጠፋም። በ1997 በቲታኒየም የተለበጠው የጉገንሃይም ሙዚየም ተከፍቶ፣ መርከብ መሥሪያዎቿና ብረት ማቅለጫዎቿ የከሰሙባት ያቺ የስፔን ከተማ የዓለም መነጋገሪያ ሆነች፤ ከዚያ ወዲህም ከየአገሩ የሄዱ የልዑካን ቡድኖች የሚያብረቀርቀውን ግድግዳ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ስመ ጥር አርክቴክት ሲያፈላልጉ ኖረዋል። እነዚህን ልዑካን አለማድነቅ አይቻልም፤ በከተማዋ ከታዩት ነገሮች መካከል ካሜራቸው የመረጠው ትክክለኛውን ነውና። በከተማዋ የሚያልፈውን የኔርቪዮን ወንዝ ከፋብሪካና ከቤት ፍሳሽ ለማጽዳት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተቀበሩት ቱቦዎችና የማጣሪያ ጣቢያዎች ከሙዚየሙ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ በልተዋል፤ ነገር ግን ከመሬት በታች ያለ ቱቦ በየትኛው ወገኑ ፎቶ ይነሣል? የምድር ባቡሩ ከሙዚየሙ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1995 ሥራ ጀምሯል። ወደቡ ወደ ባሕሩ አፍ ተገፍቶ የወንዙ ዳርቻ ነጻ ወጥቷል። በ1992 ደግሞ የማዕከላዊው መንግሥት፣ የባስክ አስተዳደርና ከተማዋ በየእጃቸው ያለውን መሬት በአንድነት የሚያለማ ቢልባዎ ሪያ 2000 የተባለ ኩባንያ አቋቁመዋል። ሦስት የመንግሥት እርከኖች በአንድ መሬት ላይ መስማማታቸው ከቲታኒየሙ ይልቅ የሚያስገርም ነገር ነው፤ ግን ስምምነት አያብረቀርቅም፣ እንግዳም ዙሪያውን አይጎበኘውም። ወንዝ ሳያጸዱ፣ ባቡር ሳይዘረጉ፣ መሬት ሳያስማሙ፣ ሙዚየሙን ብቻ የቀዱ ከተሞች ስለዚህ ከቢልባዎ ይልቅ ቁጥብ ናቸው ሊባል ይገባል።

መቀሱን የማያከብሩ ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመጥ ያሳፍራል። ከሱቆቹ በላይ ባዶ የተቀመጡትን ፎቆች ወደ መኖሪያ ቤት እንለውጣቸው ይላሉ፤ መኪና እየበረረ እንዲያልፍባቸው ባለ አንድ አቅጣጫ የተደረጉትን ጎዳናዎች ወደ ቀድሞው እንመልስ፣ የእግረኛ መንገዱን እንጠግን፣ መብራቱ ይብራ ይላሉ። ከሁሉም የሚያስቀው ደግሞ፣ ሁሉም ሲሄድ አልሄድም ብሎ የቀረውን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ በሩን በየማለዳው የሚከፍተውን ባለ ሱቅ ምን ልርዳህ ብሎ መጠየቅ ይገባል ማለታቸው ነው። ይህ ሰው እኮ አልተረሳም፤ ግንባታው እስኪያልቅ መንገዱ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤ በወቅቱ ይደርሰዋል። በ1977 ብረት ማቅለጫዋ መዘጋቱ በታወጀበት ሰኞ የተመታችው የአሜሪካዋ ያንግስታውን ደግሞ የባሰ ነውር ሠርታለች፤ ሕዝቧ ከግማሽ በታች ከወረደ በኋላ፣ በ2005 ባጸደቀችው ዕቅድ አነስተኛ ከተማ መሆኗን በይፋ አምና ተቀበለች። የትኛው ከንቲባ ነው አንሰናል ብሎ ሪባን የሚቆርጥ?

ደግነቱ ዲትሮይት እንዲህ ያለ ስሕተት አልሠራችም። በ2024 ጀነራል ሞተርስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዳግም ልደቱ ማዕከል አንሥቶ፣ በሃድሰን መደብር ቦታ ላይ ወደ ተሠራው አዲስ ሕንፃ እንደሚያዛውር አስታውቋል። በዚያው ዓመት ማብቂያ የቀረበው ዕቅድ ደግሞ የማዕከሉን ሁለት ማማዎች አፍርሶ የቀሩትን መታደግ ነው፤ መሀል ከተማውን ሊያድን የተሠራውን ሕንፃ ለማዳን ማለት ነው። መቀሱን ሳሉ።