ይድረስ ለክቡር «አፕዴቱ መቼ ነው?»

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የስትራቴጂ ጌም ወዳጆች ከእርስዎ ጥያቄ በቀር ደህና ነን።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ፓች (የጌሙ ማሻሻያ) በወጣ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እርስዎ ነዎት። አንድ ልጅ ሠርቶ በነጻ የሚያድለው ሞድ፣ ማለትም ተጫዋች ራሱ ለጌሙ የሠራው ጭማሪ፣ ገጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር በደማቁ «ከአዲሱ ፓች ጋር አይሠራም፤ ፈተና ላይ ነኝ፣ ስጨርስ አስተካክላለሁ» ይላል። እርስዎ ከሥሩ «አይሠራም» ብለው ይጽፋሉ። ስንት ሞድ አብረው እንደከፈቱ ሲጠየቁ መልስዎ «ሁሉንም» ነው። የስህተቱን መልእክት ይላኩ ሲባሉ ስክሪኑን በስልክ አንስተው ይልካሉ። ግማሹ የአምፖል ነጸብራቅ ነው። ቀጥሎ ልጁን «ሰነፍ» ይሉታል።

ሞድ እየያዝኩብዎ እንዳይመስልዎ። የከፈሉትንም አስቤዋለሁ፦ ዜሮ ብር።

ለመሆኑ ያ የሚወዱት ባለሾቴል ተዋጊ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። በ2000 አንድ ተጨማሪ ክፍል ተከተለው፣ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ጭጭ። ዝም ያላሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። ያለ ደመወዝ «ፎርጎተን ኢምፓየርስ» የሚባል ሞድ ሠሩ። በ2013 ይኸው ሥራ ይፋዊ የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ሆኖ ለሽያጭ ቀረበ። በ2015ቱ ተጨማሪ ክፍል «አፍሪካን ኪንግደምስ» ደግሞ ቡድኑ ኢትዮጵያን ከነሾቴሏ፣ ከነዮዲት ዘመቻዋ አስገባልን። እንደ እርስዎ ያለ ሰው በየማታው ቢጨቀጭቃቸው ኖሮ ገና ድሮ ጥለውት ይሄዱ ነበር።

የአክስትዎ ልጅም ሰላምታ ይድረሰው። ያ እንኳ፣ የሰው ሞድ አውርዶ፣ ስሙ ላይ «ፋይናል 2» ጨምሮ፣ የራሱ አስመስሎ መልሶ የሚጭነው። የሠሪው የፊደል ግድፈት እንኳ እንዳለ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማም መሰለኝ። በዚህ ሰፈር ያለው ደንብ ቀላል ነው፦ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የሠሪው ስም ይጻፋል። ስም መጻፍ ወርቅም ምግብም አያስወጣም። ቅጂው ሲበላሽ ግን ስድቡ የሚደርሰው ለዋናው ሠሪ ነው። መቼም የሞድ ሠሪ እጅ አመድ አፋሽ ነው።

ካልተስማማዎት ሲናርዮ ኤዲተሩ (የራስን ካርታና ዘመቻ መሥሪያው) እዚያው ጌሙ ውስጥ አለ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ይግቡበትና ይሥሩ። ስምዎን በትልቁ እንጽፍልዎታለን።

አክባሪዎ፣
ገጹን አንብቦ የሚያወርድ አንድ ተጫዋች