ማፍላቱ መርዙን አያጠፋውም
በወተት ውስጥ ስለሚገኝ አፍላቶክሲን በወጣው ጽሑፍ ላይ ያለችው «ወተቱን በደንብ ማፍላት በቂ ነው» የምትል አባባል አልተዋጠችልኝም። ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል። አፍላቶክሲን ግን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ሻጋታው ቢሞት እንኳ መርዙ እዚያው ይቀራል፣ ወተት የሚፈላበት ሙቀትም ብዙም አይነካውም። ከላይ በአስተያየትህ «ላሟ ራሷ መርዙን ታጣራዋለች» ላልከው ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ከመኖው የገባውን፣ ቢ1 የሚባለውን የአፍላቶክሲን ዓይነት ጉበቷ ኤም1 ወደሚባል ሌላ የአፍላቶክሲን ዓይነት ይለውጠዋል። ከበላችው ከመቶ ከ1 እስከ 6 የሚሆነው ግን ኤም1 ሆኖ በወተቷ ይወጣል፣ ያውም በአንድ ቀን ውስጥ። ብዙ የምትታለበዋ ደግሞ ወደ ላይኛው ቁጥር ትጠጋለች። ደግነቱ መኖው ሲቀየር ወተቱ በጥቂት ቀናት ይጠራል። መኖ ስመረምር ያየሁትን ልጨምር፦ ከጆንያው አፍ የዘገንነው ንጹህ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያው ጆንያ ሥር፣ እርጥበት ከነካው ጥግ የወሰድነው ለመኖ ከተፈቀደው ገደብ በብዙ እጥፍ ያልፋል። በዓይን ብታያቸው ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ የሻገተውን ለቅሞ መጣል ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ይህ መርዝ እኮ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ካለቁ በኋላ ነው። ጸሐፊው «ከገደብ በታች ነው» ሲልም የማንን ገደብ እንደሆነ አልነገረንም። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ያስቀመጠው በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ የአሜሪካው 0.5። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው እኮ!