ኳሷ ከወደቀች በኋላ ለሚያውቁ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

ኳስ ተወርውራ፣ ተመትታ፣ ከአጥር ማዶ ተመልካች እጅ ከገባች በኋላ «እኔ ድሮም ብዬ ነበር» የሚሉ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ የተረተው ሰው ምቀኛ መሆን አለበት። ውሻው ጅቡ እያለ ቢጮህ ኖሮ ይበላ ነበር፤ የሚተረትበት ውሻም አይገኝም። ጅቡ ከሄደ በኋላ ተረጋግቶ፣ ዱካውን አሽትቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ መጮህ የሊቅ ሥራ ነው።

እኔ በምኖርባት በሎስ አንጀለስ ይህ ሊቅነት ሞልቶ ተርፏል። ከተማው በ2002 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እዚህ አገር ስንኖር ሌላ ምን እናድርግ) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ማኪያቶ ይዘን ቴሌቪዥን ሥር የምንሰየም ጥቂት ሰዎች አለን። ሊቀመንበራችን ጋሼ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቤዝቦልን ለረጅም ዘመን «የዱላ ጨዋታ» እያሉ ሲንቁ ኖረው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተጠመቁ ሰው ናቸው። ከመስመር ውጭ የወጣች ኳስ ለምን እንደ ምት እንደማትቆጠር ካስረዳናቸው ገና ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኙን አባረሩት። በእግር ኳስ ስንት አሠልጣኝ ሲያሰናብቱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ለዚህኛው ስፖርት አዲስ ሥልጠና አላስፈለጋቸውም።

የዚህ ሁሉ ነፃ ምክር ተጠቃሚ ዴቭ ሮበርትስ ይባላል፤ ከ2016 ጀምሮ የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን፣ ዶጀርስን ይመራል። መቼም እሱ ስለጨዋታው ምን ያውቃል? በ1972 ኦኪናዋ ላይ ከጃፓናዊት እናትና ከጥቁር አሜሪካዊ የባሕር ኃይል ወታደር አባት ተወለደ፣ እዚሁ የእኛ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ በ1994 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ዲትሮይት መረጠው፤ በ28ኛው ዙር። በ28ኛው ዙር መመረጥ ማለት ሠርግ ቤት ድስት ሲታጠብ መድረስ ማለት ነው፤ ግባ ይሉሃል፣ የሚቀርብልህን ግን ራስህ ፈልግ። ዋናው ሊግ ላይ የደረሰው 27 ዓመት ሞልቶት በ1999 ነው። ከዚያ በ10 ዓመት ውስጥ አምስት ቡድን ዞረ፦ ክሊቭላንድ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ቦስተን፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ቦታው አውትፊልድ ነበር፤ ያ ከሜዳው ዳርቻ ቆመህ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሣር ስታይ ቆይተህ፣ በድንገት ወደ ኋላህ ሩጠህ ሰማይ ላይ ያለች ኳስ የምትቀልብበት። ዕድሜ ልኩን የመታው ሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ማዶ የምትልክ ምት፣ 23 ነው። ዛሬ እሱ የሚመራው ሾሄ ኦታኒ በ2024 ብቻ 54 መትቷል። እንዲህ ያለ ሰው ከጋሼ ጋር እኩል ሊያወራ?

እርግጥ አንድ ሙያ ነበረው፤ ሌብነት። ቤዝ መስረቅ፣ ማለትም ወርዋሪው ኳሷን ሲለቅ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ቀጣዩ ማምለጥ። 243 ጊዜ ሰርቋል። ከመካከላቸው አንዷን ቦስተን ውስጥ የማያውቃት ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ እሷ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ለሊቃውንቶቻችን ጥሩ መማሪያ ነችና።

ጥቅምት 2004፣ ሮበርትስ ቦስተን እያለ፣ ወደ ዋንጫው ፍጻሜ ለማለፍ ከኒው ዮርኩ ያንኪስ ጋር የተደረገው አራተኛ ጨዋታ። ያንኪስ ሦስቱን አሸንፎ ቦስተንን ጥግ አስይዟል። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለትም የመደበኛው ጨዋታ የመጨረሻ ዙር ላይ 4 ለ 3 ይመራል፤ የሚወረውረው ማሪያኖ ሪቬራ ነው፤ በዚያ ዘመን እሱ ከገባ ሰው ኮቱን ለብሶ ይነሣል። የቦስተኑ ኬቪን ሚላር በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ አለፈ። ሮበርትስን ከመቀመጫ አስነሥተው በሚላር ቦታ እንዲሮጥ ላኩት። ዳኛው፣ ሪቬራ፣ ሠላሳ ምናምን ሺህ ተመልካች፣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሁሉ ሊሰርቅ እንደገባ ያውቃል። ሌባ አስቀድሞ ተነግሮለት ሲገባ ያኔ ነው የታየው። ሪቬራ ሊይዘው ሦስት ጊዜ ኳሷን ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀድሞ ተመለሰ። ለመቺው በተወረወረችው የመጀመሪያ ኳስ ተፈተለከ። ኳሷ ደረሰች፣ የያንኪሱ የዴሬክ ጂተር ጓንት ወረደች፣ የሮበርትስ እጅ ግን ቤዙን ነክታለች። ልዩነቱ ከስንዝር አይበልጥም። ቢል ሙለር መታ፣ ሮበርትስ ገብቶ አቻ ሆኑ፣ በ12ኛው ኢኒንግ አሸነፉ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ሁሉ አሸንፈው ለ86 ዓመት ያላዩትን ዋንጫ አነሡ። ሮበርትስ በዋንጫው ፍጻሜ ላይ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተሰለፈም።

አሁን ያቺ ጓንት ስንዝር ቀድማ ብትወርድስ? የሶፋ ሊቃውንቱ በዚያች ሌሊት ምን ይሉ እንደነበር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። «አንድ ነጥብ ብቻ እየቀረህ፣ በሪቬራ ላይ፣ ሰው ይሮጣል? ይሄ አሠልጣኝ ነው?» ውሳኔው ያው፣ ሩጫው ያው፣ ፍርዱ ግን በስንዝር ይገለበጣል። ይህን ስንዝር በልኩ የመለካት ችሎታ ነው የማመሰግነው። አናጢ እንኳ እንጨቱን የሚለካው ሳይቆርጥ ነው፤ እነሱ ከተቆረጠ በኋላ ለክተው አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ሮበርትስ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በ2010 ካንሰር ታመመ፣ ዳነ፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከአንደኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሯጮችን የሚያዝ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ የዋናው አሠልጣኝ ምክትል። ይህን እንለፈው፤ ሊቃውንቱም አልፈውታል። ያኔ የሚሰደብበት ቦታ ላይ አልነበረም።

በቤዝቦል አሠልጣኙ እንደ ተጫዋቾቹ ማሊያ ለብሶ ይቀመጣል። ወርዋሪ መቀየር ሲፈልግ ቀስ ብሎ እየተራመደ መሐል ሜዳ ወዳለችው የአፈር ጉብታ ይወጣና እጁን ይዘረጋል፤ ወርዋሪው ኳሷን መዳፉ ላይ ያስቀምጣል። የወጣ አይመለስም፤ ሕጉ ነው። ያቺ የእግር መንገድ የሊቃውንቱ እርሻ ነች። ዘር የሚዘራው ሮበርትስ፣ ምርት የሚሰበስቡት እነሱ።

በ2018 ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ ላይ ዶጀርስ ቦስተንን 4 ለ 0 ይመራ ነበር። ወርዋሪው ሪች ሂል አንዲት ምት ብቻ አስመትቶ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ደርሷል። ሮበርትስ ወጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ ሂልን አስወጣ። የተተኩት ተመቱ፣ ቦስተን 9 ለ 6 አሸነፈ። በዚያች ሌሊት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሳይቀሩ፣ ጨዋታው ገና ሳያልቅ፣ ጥሩ የሚወረውረውን ማስወጣት ትልቅ ስህተት ነው ብለው በትዊተር ጻፉ። ልብ በሉ፤ የኑክሌር ቁልፍ የያዘ ሰው ሌላ ሥራውን ትቶ ሦስት ሯጭ ባስገባች ሆም ራን ላይ ሐሳብ ሲሰጥ! ጋሼ እስካሁን ይህን ሲያነሡ ደረታቸው ይነፋል። «አየህ፣ እኔና ፕሬዚዳንቱ ባንድ ጉዳይ እንስማማለን።»

ጎበዝ ተማሪ ነውና፣ በቀጣዩ ዓመት ሮበርትስ ትምህርቱን ተገበረ። ከዋሽንግተን ጋር በነበረው የመጨረሻ ጨዋታ ክሌተን ከርሾን አላስወጣም፤ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ተወው። የዋሽንግተኑ አንተኒ ሬንዶን ሆም ራን መታ። በቀጣይዋ ኳስ ሁዋን ሶቶ ደገመ። በ10ኛው ኢኒንግ ሀዊ ኬንድሪክ ጨረሰው። ሊቃውንቱስ? «ለምን አላስወጣውም!» ባለፈው ዓመት ለምን አስወጣህ ብሎ የጮኸው ያው ጉሮሮ ነው፤ ድምፁ እንኳ አልሰለለም። ይህን ክህደት የሚለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ትዝታን ከሥር ከሥሩ እያጠቡ መኖር ንጽሕና ነው።

በ2020 ደግሞ ዕድል ዞረች። ፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የታምፓ ቤይ አሠልጣኝ ኬቪን ካሽ ድንቅ ሲወረውር የነበረውን ብሌክ ስኔልን 73 ኳስ ላይ አስወጣ፤ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ሲሆን የእኛ ሊቃውንት ለሮበርትስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ሙሉ ኃይላቸውን ወደ ካሽ አዞሩ። በ2022 ዶጀርስ በመደበኛው ወቅት 111 ጨዋታ አሸንፎ ሳን ዲዬጎ ሲያሰናብተው፣ በ2023 ደግሞ 100 አሸንፎ አሪዞና ሦስት ለባዶ ሲጠራርገው፣ ጋሼ እያንዳንዱን ሽንፈት እንደ ልጅ ስም ያውቁታል። ካሸነፉት ውስጥ አንዱን ጥቀሱ ሲባሉ «ያማ በተጫዋቾቹ ነው» ይላሉ። ሒሳቡ ሁለት አምድ አለው፦ ድል በተጫዋች፣ ሽንፈት በአሠልጣኝ። ኦዲተር ቢመጣ የሚያገኘው ጉድለት የለም።

አሁን ወደ 2025 ፍጻሜ፣ ወደ ሰባተኛው ጨዋታ። ቅዳሜ ማታ፣ ዶጀርስ ከቶሮንቶ ጋር እዚያው ቶሮንቶ ላይ ነው፤ እኛ ፌርፋክስ። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ የእኛው ሚጌል ሮሃስ ሆም ራን መትቶ 4 ለ 4 አደረገ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ የአንዱ ማኪያቶ የጋሼ ሱሪ ላይ ፈሰሰ፣ ልብ አላሉትም። ከዚያ ሮበርትስ ወርዋሪውን ያማሞቶን አስገባ። ያማሞቶ በዋዜማው 96 ኳስ ወርውሮ ያደረ ልጅ ነው።

«ምን አደረገ ይሄ ሰውዬ? ልጁን ሊገድለው ነው እንዴ! እጅ እኮ ነው፣ ጎማ አይደለም!»

ያማሞቶ አንዱን መቺ በኳስ መታውና ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ፤ ጠበቃ ማስረጃ ሲያቀርብ እንደዚያ ነው። ይባስ ብሎ ሮበርትስ አንዲ ፓሄስ የሚባለውን ወጣት ወደ መሐል አውትፊልድ ላከ። ፓሄስ በዚያ የጥሎ ማለፍ ወቅት 51 ጊዜ ቀርቦ 4 ጊዜ ብቻ የመታ ነው። ጋሼ አልተናገሩም፤ ከንፈራቸውን ብቻ መጠጡ። ጥቂት ቆይቶ ኳሷ ወደ ግራ መሐል ጥልቀት በረረች፤ ብትወድቅ አለቀ። ፓሄስ እየበረረ መጣ፣ ወደዚያው ይሮጥ የነበረውን የገዛ ጓደኛውን ኪኬ ሄርናንዴዝን ደርምሶት አለፈ፣ ቀለባት። የአውትፊልድ ሰው የአውትፊልድ ሰው ያውቃል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በናፕኪን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔ ልጁን ቀድሞም እወደው ነበር። እግር አለው ብዬህ የለም?»

«ብለውኛል ጋሼ።»

በ11ኛው ዊል ስሚዝ ሆም ራን መትቶ 5 ለ 4 ሆነ። ቶሮንቶ ግን የመጨረሻ ዕድሉ ላይ አንደኛውና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሯጭ አለው፤ የወጣበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያማሞቶ አሁንም ጉብታው ላይ ቆሟል። ካሜራው ሮበርትስን አሳየ፤ አጥሩን ተደግፎ ያያል፣ አይንቀሳቀስም። ቤቱ ውስጥ የማሽኑ የእንፋሎት ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ዕድሉ አያምልጠኝ ብዬ ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ያስወጣው ወይስ ይተወው?»

ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ ጫን አደረጉ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። መጀመሪያ ይወርውር።»