በኀልዮ የሚጀምረው ጠብ

ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የቅድስት ሥላሴ ዓመታዊ በዓል። በፔንሲልቬንያ ግዛት ባትለር አካባቢ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ በነበሩት በዶናልድ ትራምፕ ላይ የተተኮሰው ጥይት ጆሯቸውን ጨርፎ ካለፈ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ገብተን ጸበል ጸዲቁን ቀምሰን፣ ቡናው እየዞረ ሳለ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማከብራቸው አንድ ሰው ሲኒያቸውን እንደያዙ «ምነው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብትል ኖሮ!» አሉ። ጥይቷን ነው። ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ከወጡ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም። አንዳንዱ ሣቀ፣ አንዳንዱ አቀረቀረ፤ አንዲት እናት ብቻ «ኧረ ስለ ሥላሴ!» ብለው አማተቡ።

እኔ ምንም አልተናገርሁም። ቤቴ ገብቼ ያስጨነቀኝ ግን የእሳቸው ንግግር ሳይሆን የራሴ ዝምታ ነበር፤ ምክንያቱም ያን ቃል ስሰማ አልደነገጥሁም። ውስጤ የነበረውን ሌላ ሰው አውጥቶ የተናገረልኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። በዚያ ሰልፍ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን በገላው ሲከልል የተገደለ አባት እንዳለ ያወቅሁት ማታ ነው። ዜናው ከወጣ ሙሉ ቀን አልፎት ሳለ «ሌላ የተጎዳ ሰው አለ ወይ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

አባቶቻችን ኃጢአትን በሦስት መንገድ እንደምንሠራው ያስተምራሉ፤ በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር። በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ ማለት ነው። ስለ ፕሬዚዳንቶች በምናደርገው ክርክር ዘወትር የምንገሥጸው ነቢቡን ነው። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፖለቲካ አታውሩ» እንላለን፣ በቤተሰብ የቴሌግራም ገጽ ላይ «ይቅር በቃ» የሚል ሽማግሌ ይገባል፤ አፍ ይዘጋል። ኀልዮው ግን እንደተቀመጠ ይቀራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ አንድ ቀን አንድ ዜና ሲሰማ ይወጣል፣ ያኔም ሰው ሁሉ «ይህ ከእርስዎ አይጠበቅም ነበር» ይላል። እኔ እንደሚገባኝ ችግሩ የአፋችን አይደለም፤ ልባችንን ሳንጠብቅ አፋችንን ለመጠበቅ መድከማችን ነው። ጠቢቡ «አጥብቀህ ልብህን ጠብቅ» ሲል የሕይወት መውጫዋ ከእርሱ ስለ ሆነ ነው።

ይህ የአንድ ፓርቲ በሽታ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ሳለን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ወደ አጥንታቸው የተዛመተ የፕሮስቴት ካንሰር እንደ ተገኘባቸው ተነገረ። የጸሎት ቡድን በሆነ የስልክ ገጽ ላይ፣ ጧት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብሎ የላከ አንድ ወንድም፣ ማታ ያንን ዜና ከሣቅ ምልክት ጋር ለጥፎት አየሁ። የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሕመም ነበር የተሣቀበት።

የእኛን የኢትዮጵያውያንን ጉዳይ የበለጠ የሚያሳዝነው፣ ጥላቻችን በየሁለት ዓመቱ አድራሻ እየቀየረም ቁርጥ እውነት መስሎ ስለሚታየን ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች ብለው በተናገሩ ጊዜ ብዙዎቻችን ተቃጠልን፤ ባይደን ሲመረጡም እልል ያለው ጥቂት አልነበረም። በዚያው ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ባይደን በመስከረም 2014 ዓ.ም. የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ከሚሰጠው ከአጎዋ ለማስወጣት ያሰቡ መሆናቸውን ለምክር ቤቱ ያሳወቁት ደግሞ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ሲሆን፣ ያ ቀን የቨርጂኒያ ግዛት ገዥ የሚመረጥበት ቀን ነበር። ትናንት ለዲሞክራቶች የቀሰቀሱ ወገኖቻችን በዚያ ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን በየመንገዱ ቆመው ቀሰቀሱ። በዚያው ጊዜ ቤተሰባቸው በትግራይ በረሃብና በጦርነት መካከል የነበረባቸው ወገኖቻችን ማዕቀቡ እንዲጠብቅ በዚችው ዋሽንግተን ሰልፍ ይወጡ ነበር። የሁለቱም ወገን ሕመም እውነተኛ ነው፤ እኔም ድምፁን በዚህ ምክንያት የቀየረን ሰው አልወቅስም። የምለው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው በ2013 «አምላክ የላከው» ያለውን በ2014 «የሰይጣን መልእክተኛ» ሲለው፣ በመካከል የተለወጠው መንፈሳዊ ማስተዋል ሳይሆን ቁጣ ነበር፣ ቁጣውንም በእግዚአብሔር ስም እየጠራነው ነበር።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ አእምሮን ሁሉ ለክርስቶስ ለመታዘዝ እንደሚማርክ ይናገራል። ምርኮ የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ለማራኪውም ለተማራኪውም ቀልድ የለውም። አሳቡን ያልማረከ ሰው ራሱ ይማረካል፤ የሚማረክበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን የሚሆንበት ነው። በዋሽንግተኑ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ጠብቀው መንገደኛ የሚጭኑ ወንድሞች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው በስልክ የሚሰሙትን አውቃለሁ፤ እኔም ዓመታት ሰምቼዋለሁ። አንዱን የስድብ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካየኸው ዩቲዩብ ሌላ ይሰጥሃል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከረረ ነው። ማንም ሳይኖር ከተቃዋሚህ ጋር ትከራከራለህ፣ አንተው ትጠይቃለህ፣ አንተው ትመልሳለህ፣ ሁልጊዜም ታሸንፋለህ። ቤትህ ስትገባ ሚስትህ «ምን ሆነሃል?» ትልሃለች፤ ማንም ምንም አላደረገህም።

አንዳንዶች «ስለዚህ ግፍ እያየን ዝም እንበል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች መሪን በነጻነት መጠየቅ በሚቻልበት አገር መኖራችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ የእህቱ ቪዛ የተከለከለበት፣ የወንድሙ የጥገኝነት ጉዳይ የተንጠለጠለበት ሰው ዝም ይበል የሚል ልብ የለኝም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል፤ መጥምቁ ዮሐንስም ሄሮድስን አላባበለውም። ሆኖም ናታን የመጣው ዳዊት ንስሐ እንዲገባ እንጂ እንዲሞት አልነበረም፤ ዳዊት «በድያለሁ» ባለ ጊዜም «አትሞትም» ያለው ያው ናታን ነው። የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሰውን ይጎዳል ብሎ መከራከር፣ መሰለፍ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሌላውን መምረጥ አንድ ነገር ነው። የመረጠውን ጎረቤት ሰው አይደለም ማለት፣ ሕመሙንና ሞቱን መመኘት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የሚጀምረው የመጀመሪያውን ልብስ ለብሶ ስለ ሆነ፣ በሩ ላይ ሳለ መለየት ያስፈልጋል።

ከልጆቼ ጋር ወደ ሊንከን መታሰቢያ ስሄድ ከሐውልቱ በስተ ሰሜን ባለው ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን የሁለተኛ በዓለ ሲመታቸውን ንግግር አነብላቸዋለሁ። ያን ንግግር ያደረጉት በማርች 4 ቀን 1865 ነው፤ መቶ ሺዎች ያለቁበት የእርስ በርስ ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነቡ፣ ወደ አንድ አምላክ እንደሚጸልዩ፣ እያንዳንዱም በሌላው ላይ ርዳታውን እንደሚለምን ሊንከን ተናገሩ። ባርነትን ግን በደል ከማለት አላፈገፈጉም፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትተው፣ በማንም ላይ ክፋት ሳይያዝ የአገሪቱ ቁስል እንዲጠገን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የኖሩት ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ የገደላቸውም በዚያ ዕለት ከሚሰሟቸው ሰዎች መካከል ቆሞ የነበረ ተዋናይ ነበር። ትልቁ ልጄ ይህን ስነግረው «ሰምቶትም ገደለው?» አለኝ። አዎ፣ ሰምቶት ነው።

ከዚያ የሥላሴ በዓል ወዲህ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ እፈራለሁ። ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለታቸው ነው፤ ሕዝቡም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብሎ ይመልሳል፣ ልባችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው እንደ ማለት። ስንት እሑድ ይህን ስመልስ ልቤ የማታውን የቴሌቪዥን ክርክር ያመላልስ እንደ ነበር እኔ አውቃለሁ። የንስሐ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና አጭር ነበር፤ ለነገሥታትና ለመኳንንት ጸልዩ የሚለውን የጢሞቴዎስ መልእክት ካነበብሁ በኋላ የማልወደውን ፕሬዚዳንት በስሙ ጠርቼ እንድጸልይለት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር። በፖሊሲው ላይ ያለኝ አሳብ እስካሁን አልተለወጠም፤ አሁን ግን ስሙን ስሰማ ጥርሴን አላፋጭም።

እኒያን ታላቄን ቆይቼ ለብቻቸው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ በዚያን ቀን እርስዎ የተናገሩትን እኔ አስቤው ነበር፤ ዝም ያልሁት ከእርስዎ ተሽዬ አይደለም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። «አንተ ልጅ፣ እኔም ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉና ክንዴን ያዙኝ። ሁለታችንም የምንመርጠው አሁንም ያንኑ ፓርቲ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ያወራነው ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ከአዲስ አበባ ስለምትመጣው የልጅ ልጃቸው ነበር።