የአንግሊካን አካባቢ ጳጳስ ከለንደን የሚላክ አልነበረም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ አባባል አለ። «በኢትዮጵያ የነበረው የአንግሊካን አካባቢ ጳጳስ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ተሹሞ ከለንደን የሚላክ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተወካይ ነበር» ይላል። በአክብሮት ላርመው፤ ይህ ትክክል አይደለም። አካባቢ ጳጳስ ማለት በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ የተወሰነ አካባቢን የሚመራ ጳጳስ ነው።

የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ጳጳስነት የግብፅ ሀገረ ስብከት አካል ነበር። ተጠሪነቱም ካይሮ ለነበሩት ጳጳስ ነበር። ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲንና ሶማሊያን ይሸፍን ነበር። የመጀመሪያው አካባቢ ጳጳስ አንድሩ ፕራውድ በ2007 እ.ኤ.አ. ተሾሙ። እንግሊዛዊ መሆናቸው ነገሩን ሳያምታታው አልቀረም። ግን ተከታያቸው ግራንት ለማርካንድ ካናዳዊ ናቸው። ጋምቤላ ኖረው ያገለገሉትና በአባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ስም የተሰየመውን የነገረ መለኮት ኮሌጅ እዚያ የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእስክንድርያ ክፍለ ሀገር የተባለ፣ በርካታ ሀገረ ስብከቶችን የያዘ ራሱን የቻለ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሲቋቋም፣ የአፍሪካ ቀንድና ጋምቤላ እያንዳንዳቸው ሀገረ ስብከት ሆኑ።

ስህተቱ ቀላል እንዳይመስለን። የጋምቤላ ምእመናን አብዛኞቹ አኝዋክ፣ ኑዌርና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ናቸው። አባባሉ የእነሱን ቤተ ክርስቲያን የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ያስመስለዋል፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል። ስለ ሹመት ታሪኩ ማጥናት የሚፈልግ ሰውም ካይሮን ትቶ ለንደን ላይ ይደክማል።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ የአንግሊካን ኅብረት (በየሀገሩ ያሉ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያናት ማኅበር) ይፋዊ ድረ ገጽ አባል ቤተ ክርስቲያናትን ከነሀገረ ስብከታቸው ይዘረዝራል። «እስክንድርያ» የሚለውን ከፍታችሁ እዩ።