ሐረጉ ምን አደረጋችሁ?

ለገጣፎ አካባቢ ያለው የመንደራችን ኮሚቴ ሰሞኑን በየበሩ ደብዳቤ ለጥፏል። በግቢና በግቢ መካከል ያለ ሐረግ በሙሉ ተነቅሎ አጥሩ ቆርቆሮ ወይም ብሎኬት ይሁን ይላል። ምክንያቱ? «ሌባ በሐረግ ተንጠላጥሎ ይገባል»።

ይህን የጻፈ ሰው የፓሽን ፍሩት ሐረግ በእጁ ነክቶ ያውቃል? እንኳን ሰው፣ ድመትም በወጉ አይሸከም። ቦገንቪላ ደግሞ እሾህ ነው፤ የሚዘለው ሌባ ቆዳው ተልጦ ነው የሚገባው። ሌባ የሚወደው ብሎኬት ነው። ጫፉን በእጁ ከያዘ አለቀ።

ዋናው ጉዳይ ግን ገመና ነው። እዚህ ዳር ላይ ቦታው ጠባብ ነው። ጎረቤት ጂ ፕላስ ቱ ሲሠራ ሁለት ሜትር አጥር ምን ይጋርዳል? ከበረንዳ ላይ ሆኖ ያሰጣኸውን ልብስ፣ የመጣብህን እንግዳ፣ ምሳህን ሳይቀር ያያል። ብሎኬቱን ልጨምር ብትል መሠረቱ አይችልም፤ የጎረቤትህንም ፀሐይ ትከለክላለህ። ለሐረግ ግን አጣና ታቆማለህ፣ ሽቦ ትወጥራለህ፣ በቃ። ቀጫጭን ክሮቹ ሽቦውን እየተጠመጠሙ ይወጣሉ። ክረምቱን አንዴ ካገኘ የሚያቆመው የለም። ሲያድግ ወደ ግቢህ መልሰህ ጣሪያ ታደርገዋለህ፤ ከላይ የሚያይህ ሰው ቅጠል ብቻ ያያል። ነፋሱ ግን ያልፋል፣ ብርሃኑም ይገባል፣ የጎረቤት «እንዴት አደራችሁ»ም ይሰማል። የእኔ ጎረቤት በሷ በኩል የወረደውን ፍሬ እየለቀመች ለልጆቿ ጁስ ትጨምቃለች። ቆርቆሮ ምን ይሰጣታል? ሌሊት ነፋስ ሲመታው መንቋቋት ብቻ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጎረቤትን ከልክ ባለፈ ድምፅ ማወክን ይከለክላል። በሕግ ከሄድን መነሳት ያለበት ቆርቆሮው ነው።

ደግሞስ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እያልን ችግኝ ስንተክል አልነበር? የሚያስተባብረን ይኸው ኮሚቴ ነው። አስተክሎ ማስነቀል ምን የሚሉት ሥራ ነው?

«አይጥ ይሰበስባል» የሚሉም አሉ። አይጡን የሰበሰበው መንደሩ ጫፍ ላይ የተቆለለው ቆሻሻ ነው፤ ስለሱ ደብዳቤው አንድ ቃል የለውም። የመብራት ሽቦ ላይ የወጣ ሐረግ ይቆረጥ፣ እሺ። የቀረው የሁለት ጎረቤታሞች ጉዳይ ነው። እኔና ጎረቤቴ ተነጋግረናል፤ አንነቅልም። ኮሚቴው ይነቀል ካለ ስብሰባ ይጥራና ሕዝብ ፊት ይጠይቀን።