ስንት ከፈላችሁ?

ድሮ ሐበሻ ሰው አገር ላይ ሐበሻ ሲያገኝ «የማን ልጅ ነህ?» ነበር የሚለው። አሁን «ስንት ከፈላችሁ?» ሆኗል። እኔን ጥያቄው ያገኘኝ ዛንዚባር፣ ወደ ቻንጉ ደሴት በምትሄድ ጀልባ ላይ፣ ላይፍ ጃኬቴን እንኳን አስሬ ሳልጨርስ ነው።

ከፊታችን የተቀመጡት ባልና ሚስት አማርኛችንን ሰምተው ዞሩ። ደስ አለን። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ ሰውየው ወደ ባሌ ጠጋ አለና፣ «ወንድሜ፣ በስንት ያዛችሁት?» አለው። ለሰው 45 ዶላር ነው የከፈልነው። ከእኔ ቦርሳ ስለወጣ በደንብ አስታውሳለሁ። ባሌ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «35» አለ። ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ።

«ተበላችኋ! እኛ በ25 ነው የገባነው።»

ሚስቱ ይኼኔ ባሕሩን ማየት ጀመረች። እኔም ባሕሩን አየሁ።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»። ሰው ይህን የሚተርተው ውሻውን ፈሪ ለማለት ነው። እኔ ስለዚያ ውሻ ብዙ አስቤያለሁ፤ ፈሪ አይመስለኝም። ብልጥ ነው። ጅቡ እያለ ቢጮህ ሥራ ይሆንበታል፤ ምናልባትም ይበላል። ከሄደ በኋላ ሲጮህ ግን ንቁው እሱ ነው፣ አዋቂው እሱ ነው፣ የተኛው ባለቤቱ ነው። ከተከፈለ በኋላ «ለኔ ብትነግሩኝ ኖሮ» የሚል ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ውሻ ያውቀዋል።

የሰፈራችን ጡረተኛ ጋሼ እንዲህ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ዛሬም አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። የፋሲካ ዋዜማ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው በግ ይጠብቃሉ። የራሳቸውን አይደለም፣ የሰው በግ። አባቴ በጉን እየጎተተ ብቅ ሲል ብድግ ይላሉ። ወገቡን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። ላቱን ከሥር በመዳፋቸው ይመዝናሉ። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ያያሉ። ከዚያ፣ «ስንት ገዛኸው?» አባቴ ይናገራል። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝምታው ነው የሚገድለው። «አዬ፣ ይሁን እንግዲህ፤ አንዴ ገዝተኸዋል» ይሉና በርጩማቸው ላይ ይመለሳሉ።

በማግስቱ አባቴ ጥብሱን ቀምሶ «ጠንክሯል» ይላል። አልጠነከረም! እናቴ ያን ያህል ደክማበት፣ እኛ ልጆቹ ሁለት ወር ፆመን ጠብቀነው፣ በአንድ ከንፈር መጠጣ የሰው ፋሲካ ገደል ይገባል። ይኼንን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ የምልም አይመስለኝም።

ወደ ደሴቷ ልመለስ። ቻንጉን ቱሪስቱ የእስር ቤት ደሴት ይላታል። እንደ ፈረንጆቹ በ1893 የዛንዚባር ሱልጣን ሚኒስትር የነበረ ሎይድ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ ደሴቷን ገዝቶ እስር ቤት አሠራባት። ግን አንድም እስረኛ አልገባበትም። በኋላ ቢጫ ወባ የተጠረጠረ መንገደኛ ማቆያ ሆነ። ዛሬም ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃልና ቦርሳዬን ዳበስ አደረግሁ። አስጎብኚው ይኼን ሁሉ በሚያምር ወግ አውርቶ «ጥያቄ አለ?» ሲል ሰውየው እጁን አወጣ።

«በስንት ገዛት?»

አስጎብኚው አላወቀም።

«ተበልቷል» አለ ሰውየው ወደ ባሌ ዞሮ። «እስረኛ ለሌለው እስር ቤት!»

ቀጥሎ ኤሊዎቹ ናቸው። ዘራቸው ከሲሼልስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ እንደ ፈረንጆቹ በ1919 በስጦታ መጡ። ስጦታ ስለሆኑ ሰውየው የሚጠይቀው አጣ። እውነት ለመናገር ከቀኑ ሁሉ ያማረችኝ ያቺ ሰዓት ናት። ቅጠል ሲዘረጉለት አንዱ ሽማግሌ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። ቆዳው እጥፍጥፍ ብሏል። ነከሰ፣ አረፈ፣ እንደገና ነከሰ። አንገቱን ሲያሹለት ይበልጥ ይዘረጋዋል። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ መቶን ያለፉ አሉ። ሴቶቹን ማንም አስፈቅዶ የጻፈ አይመስለኝም። ቢሆንም አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የእኛም ሰው ሽርሽር ሲወጣ የከፈለው ጀርባው ላይ በትልቁ ይጻፍለት። ጠያቂውም ዞር ብሎ ያንብብ፣ እኛም ባሕራችንን እንይ።

ከዚያ ናኩፔንዳ። ይቺ ባሕሩ ሲጎድል ብቅ የምትል፣ ሲሞላ የምትሰወር አሸዋ ናት። በመንገድ ላይ አስጎብኚው እንደ ፈረንጆቹ በ1896 እንግሊዝና ዛንዚባር የተዋጉትን ነገረን፤ 40 ደቂቃ ገደማ የፈጀ፣ በዓለም አጭሩ ጦርነት። ነሐሴ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ እኛ አድዋ ነበርን። ባሌ ደረቱን ነፋ። ሰውየውም ነፋ። ተጋግዘው ለአስጎብኚው አድዋን ተረኩለት። በዚያች ቅጽበት ወንድማማቾች ነበሩ፤ እንባዬ መጣ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሎብስተር የሚባለው የባሕር ምግብ ከሂሳቡ ውጭ ነው ተባለ። ሰውየው ዋጋውን ሲሰማ ኦሪት ዘሌዋውያን ትዝ አለው። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም» አለ። ሚስቱ ግን ቀድማ አዝዛ ነበር። እሱን ለማስላት ተቀመጡ። በባንክ ነው የምንመታው በጥቁር ገበያ? ዶላር በ57 ብር ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር? ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ማን ምን ብሎ ነበር? ክርክሩ ከእንግሊዝና ከዛንዚባር ጦርነት ረዘመ። እግራቸውን ውሃ እየነካው ነው! አንድ ሰው ስንት ጊዜ ቆጥቦ፣ ፈቃድ ለምኖ፣ ልጅ እናቱ ጋ አስቀምጦ ያገኛትን አንዲት ቀን ስልኩ ላይ ሲያባዛና ሲያካፍል ይውላል? ቤት ቁጭ ብሎ አይሰላም? ይኼ ያናድዳል፤ ቀልድ አይደለም።

ባለ ጀልባው ውሃው እየመጣ ነው ብሎ ጠራን። ሰብስበን ሮጥን።

እኔ እንኳ የተቀመጥኩት ስለ ሽርሽሩ ልጽፍላችሁ ነበር። ውሃው ሰማያዊ ነው። ዓሣው ጥሩ ነው፤ ጨው ብቻ አንሶታል። ኮፍያ ያዙ። ዋጋውን ባሌን ጠይቁት፤ ባለፈው ሳምንት ለጫጉላ ለሚሄድ የአጎቱ ልጅ 20 ብሎታል፤ ልጁም በ15 ሊከራከር ተዘጋጅቷል።